በጥቁር አፈር ላይ ግቢ ሲነጠፍ፤ ከድንጋዩ በፊት ውሃው

ክረምት በገባ ቁጥር የቤት እመቤትን ከሚያማርሩት ነገሮች አንዱ የግቢ ጭቃ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በጫማቸው ተለጥፎ የሚመጣው ጭቃ ወለሉን ያበላሻል፤ ከማጀት ወደ ዋናው ቤት ወጥና እንጀራ ይዞ የሚመላለስ ሰው እግሩ ያንሸራትተዋል፤ በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጡ እንዳይወድቁ ያሰጋል። ይህን ችግር ለማስወገድ ብዙ ቤተሰቦች ከዕለት ወጪያቸው እየቀነሱ፣ ዕቁብ እየጣሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ ግቢያቸውን በጥርብ ድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ በተሠራ የንጣፍ ብሎኬት ያስነጥፋሉ።

ሥራው ባለቀ ሰሞን ግቢው ያምራል። ሆኖም ቤቱ ያለው በጥቁር አፈር ላይ ከሆነ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈ በኋላ ንጣፉ እዚህ ጎብጦ፣ እዚያ ሰምጦ፣ በመካከሉ ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ግንበኛው ይወቀሳል፤ ድንጋዩም «ጥሩ አልነበረም» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ዓይን ከማያየው ቦታ ላይ፣ ማለትም ከድንጋዩ በታች ካለው አፈርና መውጫ ካጣው ውሃ ዘንድ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ግቢ ለማስነጠፍ የሚያስብ ቤተሰብ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን እናቀርባለን።

የጥቁር አፈር ጠባይ

በየአካባቢው ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በደጋውና በወይና ደጋው ምድር ነው። በአዲስ አበባም በእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ሲበዛ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ባሉት ሜዳማ ሰፈሮች፣ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ጥቁሩ ነው።

የዚህ አፈር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ናቸው። በውስጣቸውም እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ ስስ ንብርብሮች አሉ። ውሃ ሲያገኙ በገጾቹ መካከል ውሃ ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ ሲደርቁ ደግሞ ይኮማተራል። በሚያዝያ ወር ሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የምናየው፣ በሐምሌ ደግሞ ያው መሬት ተነፍቶ እንደ ሊጥ የሚጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። እብጠቱ ድንጋይ ቀርቶ የቤት ግድግዳ የሚሰነጥቅ ኃይል አለው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አፈሩ ሁሉ በአንድነት እኩል ቢያብጥና እኩል ቢኮማተር ንጣፉ ያን ያህል ባልተጎዳ ነበር። ጉዳት የሚደርሰው አንዱ ማዕዘን ሲረጥብ ሌላው ደርቆ ሲቀር ነው። ከአሸንዳ የሚወርድ ውሃ በአንድ ቦታ ሲጠራቀም፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳይጠገን ሲቆይ፣ በየዕለቱ የልብስ እጣቢ በአንድ ጥግ ሲደፋ፣ ያ ቦታ ብቻውን ያብጣል። ትልቅ ባሕር ዛፍ ያለበት ወገን ደግሞ ሥሩ ውሃውን ስለሚመጠው ይሰምጣል። እንግዲህ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ከንጣፉ በታች ያለው እርጥበት ከወር ወር ብዙ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው።

ይህን ጉዳይ ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ በሙሉ እየተረዳዳ በጥቁሩ መሬት ላይ በእጅ ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ እየሠራ፣ ውሃውን አጠንፍፎ ይዘራል። የከተማ ግቢም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም፤ መጀመሪያ ማጠንፈፍ፣ ቀጥሎ ማንጠፍ ነው።

አፈሩን በማጀት ዕቃ መፈተሽ

የግቢያችሁ አፈር ምን ያህል እንደሚያብጥ በቀላል ዘዴ ማወቅ ትችላላችሁ። ከግቢው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ጥቂት አፈር አውጡ። በፀሐይ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ወቅጣችሁ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። ልኬት የተጻፈበትና ከእንግዲህ ለሕፃን የማያገለግል አሮጌ ጡጦ ውሰዱና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ከዚያም በሽሮፕ መስፈሪያ 30 ሚሊ ሊትር የአፈር ዱቄት ለክታችሁ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው በትኑት። ሳትነቀንቁ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ካሳደራችሁት በኋላ የዘቀጠው አፈር የደረሰበትን ልኬት ተመልከቱ። 30 የነበረው 45 ከደረሰ አፈሩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን እጅግ የሚያብጥ ስለሆነ ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ነጥቦች አንዱንም መዝለል አይገባም። ይህ ሙከራ ለቤት መሠረት የሚደረገውን የባለሙያ ምርመራ አይተካም፤ ለግቢ ንጣፍ ግን በቂ ፍንጭ ይሰጣል።

በቅድሚያ የጣሪያው ውሃ

ለድንጋይ የሚሆን ገንዘብ ከመመደቡ በፊት አሸንዳው መታየት አለበት። 100 ሜትር ካሬ በሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲለካ 15 በርሜል መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ሥር ቢፈስስ፣ ምንም ዓይነት ንጣፍ አይቋቋመውም። ስለዚህ አሸንዳው ተሟልቶ፣ መውረጃው ቱቦ ወደ በርሜል ወይም በሲሚንቶ ወደተለሰነ ቦይ መግባት ይኖርበታል። በበርሜል የተጠራቀመው ውሃ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ስለሚያገለግል ትርፍም አለው።

ቦዩ መድረሻ ሊኖረው ይገባል። የግቢን ውሃ በጎረቤት በር ላይ መልቀቅ ጠብ የሚያመጣ ከመሆኑም በላይ የጎረቤትን ግድግዳ ያሰነጥቃል። ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ አንድ የጋራ ቦይ እስከ መንገዱ ድረስ ማውጣት ለሁሉም ይረክሳል።

ጉድጓዱ ገንዳ እንዳይሆን

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ይህ ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣና በቦታው ጠጠር ወይም ገረጋንቲ ይሞላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የጉድጓዱ ወለልና ግድግዳ ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ጥቁር አፈር ስለሆነ፣ በድንጋዮቹ መካከል የገባው ዝናብ ሁሉ ከታች ይጠራቀማል። ጠጠር የተሞላው ጉድጓድ የተሸፈነ ገንዳ ሆነ ማለት ነው። ውሃው መሄጃ ስለሌለው ክረምቱን ሙሉ አፈሩን ሲያረጥበው ይከርማል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ ከላይ ደረቅና ያማረ የሚመስለው ንጣፍ ከታች እየላላ ይሄዳል።

መፍትሔው የጉድጓዱ ወለል ራሱ ተዳፋት እንዲኖረው ማድረግ ነው። በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከቤቱ እየራቀ መሄድ አለበት። ለምሳሌ ርዝመቱ 5 ሜትር ቢሆን የመጨረሻው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ችካል፣ ሲባጎና ውሃ የተሞላ ቀጭን ነጭ ጎማ ይበቃል። በዝቅተኛው ጫፍ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈርና፣ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ተዘርግቶበት ዙሪያው በንጹሕ ሻካራ ጠጠር ይሞላል። ቱቦው ውሃውን ወደ ውጭው ቦይ ያወጣዋል።

ጠጠር ከመግባቱ በፊት ሁለት ባልዲ ውሃ በላይኛው ጫፍ ላይ አስፈስሱ። ውሃው በራሱ ተጉዞ በመውጫው በኩል ከወጣ መልካም ነው፤ መካከል ላይ ከቆመ ግን ወለሉ እንደገና ይስተካከል። ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነና ለውሃው መውጫ ካልተገኘ፣ ጠልቆ መቆፈር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በዚህ ጊዜ የላይኛውን ሥርና ቅጠል ያለበትን አፈር ብቻ ገፎ፣ ንጣፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ከፍ ሲደረግ ግን የቤቱ ወለል መዘንጋት የለበትም። የንጣፉ የላይኛው ገጽ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይገባዋል። በተለይ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት፣ ንጣፉ ወደ ግድግዳው ከተጠጋና ከፍ ካለ ምሰሶው ይበሰብሳል።

ንብርብሩ ከታች ወደ ላይ

ለእግር መንገድና ለመቀመጫ ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መቆፈር ያስፈልጋል። ይኸውም ለጠጠሩ 20፣ ለአሸዋው 3፣ ለንጣፍ ብሎኬቱ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ገጹም ከዙሪያው መሬት በመጠኑ ዝቅ ይላል። የቤት መኪና የሚገባበት ከሆነ ግን የጠጠሩ ውፍረት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ብሎኬቱም 8 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አሸዋ ወይም ውሃ የጫነ ከባድ መኪና ለሚገባበት ግቢ ባለሙያ ማማከር ይበጃል።

1ኛ. በተስተካከለው ጥቁር አፈር ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ ይዘረጋል። ጥቅሙ ጭቃው ወደ ላይ እየተገፋ ከጠጠሩ ጋር እንዳይቀላቀል መከልከል ነው። በዚህ ፈንታ ተራ ላስቲክ ማንጠፍ ውሃ ስለሚያቁር አይመከርም።

2ኛ. ጠጠሩ ከደቃቁ ጀምሮ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የተቀላቀለ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል፤ የተለያየ መጠን ያለው ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ይያያዛልና። ሬድ አሽ የሚባለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ለእግረኛ መንገድ የታችኛውን ክፍል ሊሞላ ይችላል። በመኪና ጎማ ሥር ግን ስለሚደቅ ብቻውን አይታመንም። ጠጠሩ በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ በመጠኑ ውሃ እየተረጨ፣ በመጠቅጠቂያ መኪና ወይም በከባድ የእጅ መጠቅጠቂያ ተደጋግሞ ይጠቀጠቃል። ቆማችሁበት የእግር ዳና የማይታይ ሲሆን በቅቶታል።

3ኛ. አሸዋው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጠጠሩን ጎርባጣ በአሸዋ ለመሸፈን መሞከር በኋላ መስመጥን ያመጣል። አሸዋው በቀጥ ያለ ጣውላ ከተደለደለ በኋላ አይረገጥም።

4ኛ. ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት ወይም ከመደርደሩ ጋር ዙሪያው በሲሚንቶ በተያዘ የጠርዝ ድንጋይ መታሰር ይኖርበታል። ጠርዝ የሌለው ንጣፍ መቀነት እንደሌለው ቀሚስ ቀስ በቀስ ይላላል። መኪና ለሚገባበት ቦታ ብሎኬቱን በዓሣ አጥንት መልክ ማሰካካት ጎማው እንዳይገፋው ይረዳል።

5ኛ. በመጨረሻ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በንጣፉ ላይ ተበትኖ በመጥረጊያ ወደ ክፍተቶቹ ይገባል፤ ተጠቅጥቆ ይደገማል። አንዳንዶች ክፍተቱን በሲሚንቶ ያስለስናሉ። ጥቁር አፈር ግን ከዓመት ዓመት ጥቂት መንቀሳቀሱ አይቀርምና ሲሚንቶው ይሰነጠቃል። በአሸዋ የተያዘው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቦታ ቢሰምጥም ጥቂት ድንጋዮች ተነሥተው፣ ከሥር ተስተካክሎ፣ እነዚያው ድንጋዮች ይመለሳሉ። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ሲተከልም ሁለት ሦስት ብሎኬት አንሥቶ መልሶ መግጠም ይቻላል።

ስንት ያስፈልጋል?

4 በ5 ሜትር የሆነን፣ ማለት 20 ሜትር ካሬ የእግረኛ ቦታ እንውሰድ። የሚቆፈረው አፈር 6 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲፈነቀል ስለሚነፋ 8 ያህል ይሆናል። ጠጠሩ ተጠቅጥቆ 4 ሜትር ኩብ ስለሆነ 5 ያህል ይገዛል። አሸዋው ለመደልደያም ለክፍተት መሙያም 1 ሜትር ኩብ ይበቃል። 10 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብሎኬት በ1 ሜትር ካሬ 50 ስለሚገባ 1000 ይፈለጋል፤ ለሚሰበረው 50 ጨምራችሁ 1050 ብትገዙ አይጎድልባችሁም። ተቆፍሮ የወጣውን ጥቁር አፈር ከጠርዙ ሥር መልሶ መሙላት አይገባም። ለአትክልት መደብ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ በስሱ ቢበተን ይሻላል።

ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። በክረምት አፈሩ ስላበጠና ስለላቆጠ አይጠቀጠቅም። በሚያዝያ ደግሞ ፈጽሞ ደርቆ ስለሚሰነጣጠቅ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ከመጠን በላይ ይነሣል። ለሥራው የሚስማማው እርጥበቱ መካከለኛ የሆነበት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው።

የእመቤቲቱ ድርሻ

ግቢ የማስነጠፍ ጉዳይ የወንዶች ሥራ ነው ተብሎ የሚተውበት ቤት አለ። ነገር ግን ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ወዲህ በከተሞቻችን በተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ እኅቶቻችን ድንጋይ በመጥረብም በማንጠፍም እንጀራቸውን ሲያገኙ ታይተዋል። ሥራውን ለመሥራት የበቁ ለመቆጣጠርም አያንሱም። ከዚህም በላይ ውሃ በግቢው ውስጥ ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚቆም ከእመቤቲቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የንጣፍ ሥራ አስቸጋሪነቱ ዋናው ነገር ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። አሸዋው ከተነጠፈ በኋላ ከሥሩ ያለው ጠጠር 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን 7 ማንም አያይም። ስለዚህ አንድ ዱላ ላይ በቢላዋ ምልክት አድርጋችሁ፣ ጉድጓዱን በአራቱም ማዕዘንና በመካከሉ ራሳችሁ ለኩ። ከግንበኛው ጋር የምትዋዋሉትም በቃል ብቻ አይሁን፤ የቁፋሮው ጥልቀት፣ የጠጠሩ ውፍረትና የተዳፋቱ ልክ በጽሑፍ ይስፈር። ክፍያውም ጉድጓዱ ሲታይ፣ ጠጠሩ ሲጠቀጠቅና ሥራው ሲያልቅ እየተከፋፈለ ቢሰጥ፣ ጥቂቱም እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ ድረስ ቢቆይ፣ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። ሐቀኛ ግንበኛ በዚህ አይቀየምም።

የልብስ ማጠቢያው ቦታ ከንጣፉ ጋር አብሮ ይታሰብበት። እጣቢው በቱቦ ወደ ፍሳሽ መሄጃው ይግባ እንጂ በንጣፉ ጠርዝ አይደፋ። የውሃ ቧንቧ ካለ ከንጣፉ በፊት ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ሲበላሽ ግቢው እንዳይፈርስ ይረዳል። ትልልቅ ዛፎችም ቢቻል ቁመታቸውን ያህል ይራቁ። ጌሾውና ጎመኑ ግን ቦታቸውን ሊያጡ አይገባም፤ ግቢው በሙሉ ድንጋይ ከሆነ ዝናቡን የሚቀበል አፈር ይጠፋል።

ገንዘብ ሲያንስ

ይህ ሁሉ ለማን ይቻለዋል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መቀነስ ያለበት የንጣፉ ስፋት ነው፤ ከሥር ያለው ጠጠር ግን ከልኩ አይጉደል። ሰፊ ግቢ በስስ ጠጠር ከማስነጠፍ፣ ከበሩ እስከ ማጀትና እስከ መጸዳጃ ቤት የሚያደርስ 1 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ በሚገባ ቢሠራ ይመረጣል። ለዚህ 600 ብሎኬት ይበቃል። አሮጊቷ እናት የሚሄዱበት፣ ልጆች የሚመላለሱበት ይኸው መንገድ ነው። የተረፈው በሚመጣው ዓመት ይቀጥላል።

ለዚያም የማይበቃ ከሆነ በዘንድሮ ገንዘብ አሸንዳውን አሟሉ፤ ቦዩን ቆፍሩና አስለስኑ። ይህ ብቻ የግቢውን ጭቃ በብዙ ይቀንሳል፤ ነገ ለሚነጠፈው ድንጋይም መሠረት ይሆናል። ብዙ ተከራዮች በጋራ በሚኖሩበት ግቢም ቢሆን፣ አንድ ቅዳሜ ተባብሮ ቦይ መቆፈር ከጉልበት ሌላ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ንጣፉ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ በግንቦት ወር ቦዩንና የቱቦውን አፍ አስጠርጉ፤ ክረምቱ ሲያልፍ በዝናብ የታጠበውን የክፍተት አሸዋ መልሳችሁ ሙሉ፤ የሰመጠ ቦታ ካያችሁም ሳይሰፋ አስነሥታችሁ አስተካክሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለግቢ ንጣፍም ይሠራል።